ጎንደር ላይ መንግስት ቤት ለተቀጠራችሁ፦ የደሞዝ ሊስት እንዴት እንደሚነበብ፣ ግዢ እንዴት እንደሚያልቅ

መንግስት መስሪያ ቤት ስትገቡ ስለ ስራው ትንሽ ኦሬንቴሽን ምናምን ይሰጣችሁ ይሆናል፣ ስለ ደሞዛችሁ አሰራርና ስለ ግዢ ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳችሁ የለም። ፋይናንስ "ሊስቱ ላይ ፈርሙ" ይላል ትፈርማላችሁ፣ ንብረት ክፍል "ተረክባችኋል አይደል፣ እዚህ ጋ" ይላል ትፈርማላችሁ፣ ከዛ ሁለት ሶስት አመት ቆይቶ ኦዲት ሲመጣ ፊርማው የማን ነው ሲባል የናንተ ነው። እኔ ፋይናንስና ግዢ ውስጥ ብዙ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ከዚህ በታች ያለው አዲስ ለሚገቡ ልጆች ሁሌ በቃል የምነግራቸው ነው፣ በቃል ሲሆን ይረሳልና ልጻፈው አልኩ።

ሲጀመር መስሪያ ቤታችሁ የማን እንደሆነ እወቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የፌዴራል ሰራተኛ ነው፣ ከተማ አስተዳደሩ፣ ክፍለ ከተማው፣ ዞን መምሪያው ውስጥ ያለ ደግሞ የክልል ነው። ማራኪ ላይ አጥር ለአጥር ተጎራብታችሁ ብትሰሩም የግዢ መመሪያችሁ አንድ አይደለም። ፌዴራሉ አሁን የሚሰራው በአዋጅ 1333/2016 ነው፣ አማራ ክልል የራሱ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅና መመሪያ አለው። ስለዚህ ጓደኛችሁ "እኛ ጋ እኮ እስከዚህ ብር በፕሮፎርማ ይገዛል" (ፕሮፎርማ ማለት ከሻጮች የሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ ነው) ስላላችሁ እናንተ ጋም ይሰራል ማለት አይደለም፣ የብር ጣሪያው በየጊዜው ይከለሳል፣ የምትሰሩበትን መመሪያ ኮፒ ከፋይናንስ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ግብርና ጡረታ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ደሞዝ

የቅጥር ደብዳቤ ስለደረሳችሁ ብቻ ደሞዝ አይወጣም። ፋይናንስ ደሞዝ የሚሰራው ከሰው ሀብት በግልባጭ በደረሰው ደብዳቤ ነው፣ እና ግልባጩ ሰው ሀብት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ወር የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። በተለይ ወረዳና ክፍለ ከተማ ላይ ፋይናንሱ ፑል ስለሆነ፣ ማለትም አንድ ቡድን የብዙ ጽህፈት ቤት ሂሳብ ስለሚሰራ፣ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ይጓዛል። ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱና ግልባጩ ፑል ጋ መድረሱን፣ ገቢ መዝገብ ላይ መመዝገቡን እዩ። ሊስቱ የሚሰራው ወሩ ሳያልቅ ነው፣ ከ20 በኋላ የገባ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፣ ያኔ ያለፈው በባክ ፔይመንት ይከፈላችኋል። ከደብዳቤው ጋር ቲን ቁጥር፣ የባንክ አካውንትና የጡረታ ምዝገባ ቅጽ ሙሉ በሙሉ ያስፈልጋል። ስማችሁ ዲግሪው ላይ፣ መታወቂያው ላይና ባንኩ ላይ አንድ አይነት ፊደል መሆኑን እዩ፣ ሀ እና ሐ የተለያየበት ሰው ባንክ ተመልሶበት ሲንከራተት አይቻለሁ።

አሁን ቁጥሩ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው ስኬል የዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ነው፣ በፊት 6,940 ነበር። 11,500 ሲባል እጃችሁ ላይ 11,500 ይገባል ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ ግን ስንት እንደሚገባ ራሳችሁ አስሉት። በአዋጅ 1395/2017 መሰረት ከሐምሌ 1/2017 ጀምሮ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም፣ ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15%፣ እስከ 7,000 ያለው 20%፣ እስከ 10,000 ያለው 25%፣ እስከ 14,000 ያለው 30%፣ ከዛ በላይ 35%። ስለዚህ 11,500 ላይ 300 ሲደመር 600 ሲደመር 750 ሲደመር 450፣ ባጠቃላይ 2,100 ብር ግብር። አቋራጩ ደሞዙን በ30% አባዝቶ 1,350 መቀነስ ነው፣ ያው 2,100 ይመጣል። ጡረታ 7% ነው፣ 805 ብር፣ የሚታሰበውም ግብር ከመቀነሱ በፊት ካለው ሙሉ ደሞዝ ላይ ነው። እጃችሁ ላይ 8,595 ይገባል ማለት ነው ሌላ ተቆራጭ ከሌለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ሊስቱ ላይ ግብራችሁ 2,525 ብሎ ካያችሁት ኤክሴሉ ላይ ያለው ፎርሙላ የድሮው ነው፣ ማንም አላሻሻለውም ማለት ነው። በድሮው ደሞዙ በ35% ተባዝቶ 1,500 ይቀነስለት ነበር። በወር 425 ብር ልዩነት ነው፣ ስህተቱም የአንድ ሰው ሳይሆን የመስሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ነው። ሂዱና በትህትና አሳዩአቸው፣ ፔሮል የሚሰራ ሰው ክፋት አይደለም ያለበት፣ የአምናውን ፋይል ኮፒ አድርጎ የወሩን ስም ቀይሮ ነው የሚሰራው፣ ሁሉም እንደዛ ነው።

መስሪያ ቤቱ ደግሞ በናንተ ስም 11% ጡረታ ይከፍላል፣ በ11,500 ላይ 1,265 ብር። ይሄ ከናንተ ደሞዝ አይቆረጥም ግን የናንተ ነው፣ ስለዚህ በስማችሁ መግባቱን መከታተል መብታችሁ ነው። አንዳንድ ልጅ 18% ሙሉ ከኔ ተቆረጠ ብሎ ይጣላል፣ አይደለም፣ ሊስቱ ላይ የሁለቱም ኮለም ጎን ለጎን ስላለ ነው፣ በደንብ አንብቡት።

ሌሎቹ ተቆራጮች፦ ኮስት ሼሪንግ ያለባችሁ በትንሹ የደሞዙ 10% ይቆረጣል፣ 1,150 ማለት ነው፣ ያኔ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 7,445 ነው። ከፍላችሁ ስትጨርሱ በራሱ አይቆምም፣ የተቆረጠውን ድምር ይዛችሁ ሄዳችሁ ማስቆም አለባችሁ። ከዛ ቁጠባና ብድር ማህበር አለ፣ የመስሪያ ቤቱ እድር አለ፣ አንዳንዴ የሆነ ነገር መዋጮ ተብሎ "ሰራተኛው ተስማምቷል" በሚል ቃለ ጉባኤ ይቆረጣል። ፈቃዳችሁን በጽሁፍ ካልሰጣችሁ ወይም ህግ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከሌለ ከደሞዛችሁ መቁረጥ አይቻልም፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝም ሆነ በህግ ሲቆረጥ በወር ከደሞዙ ሲሶ ማለፍ የለበትም። መዋጮውን ከፈለጋችሁ ስጡ፣ እድር ላይማ አትጣሉ፣ ግን ስብሰባው ላይ እጃችሁን ላላወጣችሁበት ነገር ስማችሁን ፎርም ላይ ካገኛችሁት ጠይቁ።

ወሩ አጋማሽ ላይ ከተቀጠራችሁ ለ30 ተካፍሎ በሰራችሁበት ቀን ይባዛል። በ11 ከጀመራችሁ 20 ቀን ነው፣ 7,666 ብር ከ67 ሳንቲም። የኛ ወር ሁሉም 30 ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ጳጉሜ ላይ ደሞዝ የለም እሱን አትጠይቁ፣ እያንዳንዱ አዲስ ሰው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጠይቃል፣ መልሱም ያው ነው፣ ደግሞ እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ነው የሚጠይቀው ምስኪን።

ስህተት ካገኛችሁ በቃል ብቻ አትተዉት። ፋይናንስ ውስጥ በቃል የተባለ ነገር እንዳልተባለ ነው። አጭር ማመልከቻ ጻፉ፦ ስም፣ የስራ መደብ፣ ደረጃና እርከን፣ የየትኛው ወር ደሞዝ፣ ሊገባ የሚገባው ስንት፣ የገባው ስንት፣ ልዩነቱ ስንት። ታሪክ አታብዙበት። ለቅርብ ሀላፊያችሁ አቅርባችሁ ወደ ፋይናንስ ይመራላችሁ፣ መዝገብ ቤት አስመዝግቡና ቁጥሩን ያዙ። ትርፍ ከገባላችሁም እንደዛው አሳውቁ፣ ዝም ብላችሁ ከበላችሁት በኋላ በአንዴ ነው የሚጠየቀው፣ ያኔ ያማል።

የደረጃ እድገት ስታገኙ ደግሞ ደብዳቤው ላይ "ከ... ጀምሮ" የሚለውን ቀን እዩ። ደሞዙ የሚታሰበው ከሱ ቀን ነው። ቀኑ ባዶ ከሆነ ወይም "ከደብዳቤው ቀን" ከሆነና እናንተ ቦታው ላይ ቀድማችሁ ስትሰሩ ከነበረ ያኔውኑ አስተካክሉ፣ በኋላ ማስተካከል ሌላ ስራ ነው። የበጀት አመት ካለፈማ ያለፈ አመት ተከፋይ ሆኖ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።

አበል

ባህር ዳር ስልጠና ተላካችሁ እንበል። ከመሄዳችሁ በፊት የስምሪት ደብዳቤ ይኑራችሁ፣ ስንት ቀን፣ የት፣ ለምን፣ በምን ትራንስፖርት የሚለው የተጻፈበት። ቅድሚያ አበል ከወሰዳችሁ ስማችሁ ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ ይቀመጣል፣ ተመልሳችሁ እስክታወራርዱ ድረስ እዳ ነው። የመኪና ቲኬቱን አትጣሉ፣ ቲኬት ካልሰጧችሁ ለምናችሁም ቢሆን ተቀበሉ፣ የደረሳችሁበት መስሪያ ቤት ደግሞ ደብዳቤው ጀርባ ላይ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን ጽፎ ማህተም ያድርግበት።

አበሉ ሲከፋፈል ቁርስ 10%፣ ምሳ 25%፣ እራት 25%፣ አልጋ 40% ነው። ስልጠናው ምሳ ካበላችሁ የምሳው ይቀነሳል፣ አልጋ ከተያዘላችሁ የአልጋው። ይሄን የማያውቅ ሰው ሙሉውን ይወስድና ሲያወራርድ ይጣላል። አዘጋጁ ክልሉ ሆኖ እሱም አበል ከፍሏችሁ መስሪያ ቤታችሁም ከከፈለ ድርብ ክፍያ ነው፣ ኦዲተር ሁለቱን ሊስት ጎን ለጎን የሚያደርግበት ቀን ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ የሚጠየቀው በናንተ ስም እንጂ በላካችሁ ሰው ስም አይደለም። የውሎ አበል የሚፈረምበት ሊስት ላይ ያልሄደ ሰው ስም ካያችሁ እናንተ በራሳችሁ መስመር ላይ ብቻ ፈርሙ፣ አስተባባሪ ሆናችሁ ከታች "አረጋግጫለሁ" የሚለው ጋ ግን አትፈርሙ።

ግዢ

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሁሉ ግዢ የሚዘገየው ፋይናንስ ጋ ይመስለዋል። እኔ ግን ያየሁት አብዛኛው ግዢ የሚበላሸው ገና ከጠያቂው ክፍል ሲወጣ፣ መጠየቂያው ላይ ነው። መጠየቂያው ላይ "ወንበር፣ 10" ተብሎ ይመጣል። ምን አይነት ወንበር? ግዢ ክፍሉ በራሱ ግምት ፕሮፎርማ ያሰባስባል፣ አንዱ ፕላስቲክ ዋጋ ይሞላል፣ አንዱ የሀላፊ ወንበር ይሞላል፣ እንዴት ይወዳደራል፣ ይሰረዝና እንደገና። እንዲህ ጻፉት፦ የቢሮ ወንበር፣ ተሽከርካሪ፣ ባለ ክንድ፣ መደገፊያው መረብ፣ ከፍና ዝቅ የሚል፣ 5 እግር ባለ ጎማ፣ 120 ኪሎ የሚችል፣ የ1 አመት ዋስትና ያለው፣ ብዛት 10። ወረቀት ከሆነ "ወረቀት 1 ካርቶን" ሳይሆን ኤ4፣ 80 ግራም፣ ባለ 500 ቅጠል፣ ብዛት በደስጣ። ብራንድ ጠርታችሁ መጻፍ አይፈቀድም፣ መጥራት ግድ ከሆነ "ወይም ተመጣጣኝ" የሚል ይጨመራል። ቶነር ሲሆን ግን ያላችሁን ፕሪንተር ሞዴል ጻፉ፣ ለማይገባበት ማሽን ቶነር ተገዝቶ ስቶር ውስጥ አቧራ የሚጠጣ በየመስሪያ ቤቱ አለ።

ስፔኩን፣ ማለትም የእቃውን ዝርዝር መግለጫ፣ ስትጽፉ ፒያሳ ያሉ ሱቆች ጋ ገብታችሁ ምን እንዳለ ጠይቁ፣ ዋጋ ለመስማት ነው እንጂ ለመስማማት አይደለም። የሚገኘውን ሳታውቁ ከኢንተርኔት ኮፒ የተደረገ የላፕቶፕ ስፔክ ስትጽፉ ጎንደር ላይ ማንም አያቀርበውም፣ አንድ ሰው ብቻ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ ይልና እሱ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። የአንድን ሻጭ ካታሎግ ተቀብሎ ቃል በቃል ስፔክ አድርጎ መጻፍም ያው ነው፣ ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ሌላው አይለብሰውም፣ ሌላው ተወዳዳሪም ይሄን ያውቃል፣ ቅሬታ ያስገባል።

መጠየቂያው ተፈርሞ ፋይናንስ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው በጀት ነው። የሂሳብ መደብ ቁጥሮቹን በቃላችሁ ያዟቸው ይጠቅማችኋል፦ 6111 የቋሚ ሰራተኛ ደሞዝ፣ 6212 የቢሮ እቃ፣ 6213 ህትመት፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 አበል፣ 6241 የመኪና ጥገና፣ 6313 ማሽነሪና መሳሪያ። ላፕቶፕ ቋሚ ንብረት ስለሆነ ከ6212 ገንዘብ አለ ብላችሁ ከሱ መግዛት አትችሉም፣ መጀመሪያ የበጀት ዝውውር ይጠየቃል። እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የግዢ እቅድ ሲሰራ የናንተ ክፍል የሚፈልገው ሁሉ እቅዱ ውስጥ መግባቱን እዩ፣ እቅድ ውስጥ የሌለ ነገር ጥር ላይ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው ፊቱን ያዞራል።

ከዛ ዘዴው ይወሰናል። ትልቁ ግልጽ ጨረታ ነው፣ ክልል ላይ ከሆናችሁ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ፌዴራል ከሆነ አዲስ ዘመን ላይ፣ አሁን ደግሞ ፌዴራሎቹ ኢጂፒ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሲስተም ነው የሚሰሩት፣ አቅራቢው እዛ ላይ ካልተመዘገበ አይወዳደርም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆናችሁ እንደ ጽህፈት መሳሪያና ኮምፒውተር ያለው የጋራ እቃ በመንግስት ግዥ አገልግሎት በማዕቀፍ ስምምነት፣ ማለትም ለብዙ መስሪያ ቤት አንዴ ተወዳድሮ በተያዘ ውል፣ ሊገዛ ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። የተወሰኑ አቅራቢዎች ብቻ የሚጋበዙበት ውስን ጨረታ አለ፣ ከአንድ አቅራቢ ቀጥታ ግዢ አለ፣ እነዚህ ምክንያት በጽሁፍ የሚጠይቁ ናቸው፣ "አስቸኳይ ስለሆነ" ብቻውን ምክንያት አይደለም፣ አስቸኳይ ያደረግነው እኛው ተኝተን ከሆነ። እናንተ በብዛት የምትገናኙት ግን በፕሮፎርማ ነው ስለዚህ እሱ ላይ ልቆይ።

በፕሮፎርማ የሚገዛ ቢያንስ ከሶስት አቅራቢ ነው። አንዳንዱ ሰራተኛ ግን ሶስቱንም ከአንድ ሱቅ ያመጣል። ሻጩ የራሱን ይሞላል፣ የወንድሙንና የጓደኛውን ማህተም ከመሳቢያ አውጥቶ ሁለቱን ይጨምራል። ይሄን ለመያዝ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም፦ ሶስቱ ወረቀት ላይ አንድ አይነት የእጅ ጽሁፍ፣ ቁጥር 7 ላይ አንድ አይነት ጭረት፣ ሶስቱም "ስቴፕለር"ን "ስቴፐለር" ብለው የተሳሳቱ፣ ሶስቱም ባንድ ቀን፣ ዋጋው በእያንዳንዱ እቃ ላይ ልክ በ50 ብር የሚበላለጥ። ትክክለኛ ውድድር እንደዛ አይደረደርም፣ አንዱ ወረቀት ላይ ይረክሳል ቶነር ላይ ይወደዳል። የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ እንደገና ይሰብሰብ በሉ፣ ካልተሰማችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ የልዩነት ሀሳባችሁን በጽሁፍ አስፍራችሁ ፈርሙ። አለመፈረም ብቻውን አያድናችሁም፣ "ቀርተው ነበር" ይባላል።

ፕሮፎርማው በታሸገ ፖስታ ይምጣ፣ ማህተም፣ ቀን፣ ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ቲን ቁጥርና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ኮፒ ይኑረው። እና ቫት። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አንዱ ወንበሩን 4,200 ብሎ ሞላ ግን ከቫት በፊት ነው፣ ሌላው 4,700 ቫትን ጨምሮ። ሲታይ የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል፣ 15% ስትጨምሩበት ግን 4,830 ነው፣ ስለዚህ አሸናፊው 4,700 ያለው ነው። በ10 ወንበር 1,300 ብር ልዩነት። ፕሮፎርማው ላይ ቫት ይጨምራል አይጨምርም የሚል ምልክት ከሌለው ፖስታው ከመከፈቱ በፊት እንዴት እንደሚታይ ኮሚቴው ይስማማ፣ ከተከፈተ በኋላ ለአንዱ ደውሎ "ቫት ጨምረህ ነው?" ማለት በር መክፈት ነው።

አንድን ግዢ ከጨረታ ጣሪያ በታች ለማድረግ ቆራርጦ መግዛት ክልክል ነው። ሰኞ 5 ወንበር፣ ሐሙስ 5 ወንበር፣ ሌላ ሳምንት 5 ወንበር። ፋይሉ ውስጥ ቀኖቹ ተከታትለው ሲታዩ ምንም ማስረዳት አይቻልም። እንጨትና ብረታ ብረት፣ የደንብ ልብስ ስፌት ምናምን ከሆነ ደግሞ የተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ማህበራት ልዩ አስተያየት አላቸው፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው ቼክ) ፋንታ ካደራጃቸው ተቋም የዋስትና ደብዳቤ ማምጣት ይችላሉ፣ አትመልሷቸው። ጎንደር ላይ ጥሩ ጠረጴዛና ሼልፍ የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ ከመርካቶ ከሚመጣው ቺፕውድ እጥፍ ይቆያል ባይ ነኝ፣ የማስረከቢያ ቀን ላይ ግን ትንሽ ይዋሻሉ፣ ውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ይኑር።

እቃው ሲመጣ

እቃው ሲመጣ ስቶር በር ላይ ያለው ግማሽ ሰዓት ከኮሚቴው ስብሰባ ሁሉ ይበልጣል። ካርቶኑን ክፈቱ። ወረቀት ከሆነ አንዱን ደስጣ አውጥታችሁ ማሸጊያው ላይ ስንት ግራም እንደሚል አንብቡ፣ 80 ተብሎ ተጠይቆ 70 የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ በእጅ ሲያዝ ይለሳል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል። ካርቶን ውስጥ 5 ደስጣ መኖሩን ቁጠሩ። ወንበር ከሆነ አንዱን ገጥማችሁ ተቀመጡበት፣ ላፕቶፕ ከሆነ አብሩትና ራሙንና ዲስኩን ከውሉ ጋር አመሳክሩ፣ ሲሪያል ቁጥሩን ጻፉ። ጠያቂው ክፍል የሚጠራው ለዚህ ነው እንጂ ለቡና አይደለም።

ትክክል ከሆነ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ እቃው ገቢ ሆነ ማለት ነው። እናንተ ስትፈልጉ በሞዴል 20 ትጠይቃላችሁ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ይሰጣችኋል። በቃ ይሄ ነው፣ ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ካለ ጠርጥሩ። "እቃው መንገድ ላይ ነው፣ ጎርጎራ መገንጠያ ደርሷል፣ ሞዴል 19 ቆርጠን ክፍያውን እናስጀምር" የሚለው ንግግር በተለይ ሰኔ ውስጥ ነው የሚሰማው። ያልገባ እቃ ገቢ ሆኗል ብሎ መፈረም የሚያስጠይቀው ስቶር ኪፐሩን ብቻ አይደለም፣ ጥራቱን አረጋግጫለሁ ያለውንም ነው።

ሰኔ ላይ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። በጀት አመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ያልተጠቀማችሁበት ይመለሳል፣ የተመለሰ ደግሞ የሚቀጥለው አመት በጀት ሲደለደል "ድሮም አልተጠቀሙም" ያስብላል። ስለዚህ አመቱን ሙሉ ተኝቶ የነበረ መጠየቂያ ሁሉ ሰኔ ላይ ይነሳል፣ ግዢ ክፍሉ ሌሊት ያድራል፣ አቅራቢውም ይሄን ስለሚያውቅ ዋጋ ይጨምራል፣ ክረምቱም ገብቶ መንገዱ ይከብዳል። መጠየቂያችሁን ከየካቲት በፊት አስገቡ፣ ሚያዚያ ላይ የት እንደደረሰ ጠይቁ፣ ግንቦት 15 ካለፈ በኋላ ግን የምትችሉትን ለሚቀጥለው አመት አዛውሩት።

ክፍያው ጋ ሲደርስ ፋይሉ ውስጥ መጠየቂያው፣ ፕሮፎርማዎቹ ወይም የጨረታ ሰነዱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የግዢ ማዘዣው ወይም ውሉ፣ የአቅራቢው ህጋዊ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 መኖር አለበት። ከአቅራቢው ክፍያ ላይ 3% ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ይቀነሳል፣ ቲን ከሌለው ግን 30% ነው፣ ለተቀነሰበት ደረሰኝ ስጡት፣ የሱ ግብር ላይ የሚታሰብለት ነው። ነጋዴው ሶስት ጊዜ ተመላልሶ የሚያጣው ይሄን ወረቀት ነው፣ ከዛ በኋላ መንግስት ቤት አልሸጥም ይላል፣ አይፈረድበትም። የክፍያ መዘግየት ዋጋ ያስወድዳል፣ የሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይ የዘገየበትን ጨምሮ ነው የሚሞላው።

ከአቅራቢ ስጦታ ጉዳይ፦ በዓል ሲደርስ ካርቶን ይዞ የሚመጣ ነጋዴ አለ። እኛ ሀገር በዓል ላይ እንቢ ማለት ነውር ይመስላል አውቃለሁ። "ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን እኛ ቤት አይቻልም" ብላችሁ ሸኙት፣ አይቀየምም፣ ቢቀየምም ይሻላል። ዘመዳችሁ ተወዳዳሪ ከሆነ ከኮሚቴው ውጡ፣ ለምን እንደወጣችሁም ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ።

ስትለቁ

ዝውውር ወይም ሌላ ስራ ስታገኙ ክሊራንስ ያስፈልጋል። ችግሩ ያኔ ነው የሚታየው፦ በስማችሁ ላፕቶፕ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሼልፍ ተመዝግቦ ይገኛል፣ ሼልፉን ከአራት አመት በፊት ሌላ ቢሮ ወስዶታል። እቃ ከእጃችሁ ሲወጣ፣ ለጎረቤት ቢሮም ቢሆን፣ በንብረት ክፍል በኩል በወረቀት ይዘዋወር፣ በትከሻ ብቻ አይደለም። በአመት አንዴ፣ ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲደረግ፣ በስማችሁ ያለውን ዝርዝር ጠይቃችሁ ከፊታችሁ ካለው ጋር አስተያዩት፣ የቆጣሪ ኮሚቴው ሰዎች ራሳቸው ደስ ይላቸዋል። ያልተወራረደ አበል ካለም የሚይዛችሁ እዚሁ ላይ ነው። ክሊራንሱን ስትጨርሱ ኮፒውን፣ የመጨረሻ ወር የደሞዝ ማቆሚያ ደብዳቤውንና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡና ለአዲሱ መስሪያ ቤት ሰው ሀብት ኦሪጅናሉን ሳይሆን ኮፒውን ስጡ፣ ኦሪጅናሉን ከጠየቁ አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙ።